ጎተራ ውስጥ የተኛችው ብሌን

ከበግ ጠጉር ምንጣፍ፣ ዝተት የሚሠራው የመሐል ሜዳው ምንይሉ ሳይቀልድ ውሎ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ሲመጣ እንኳ ሴቶቹ «ዛሬስ እባክህ!» ብለው ነው የሚቀበሉት። አምና ግን የሰባት ዓመት ልጁ ብሌን ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ ወድቃ ተንቀጠቀጠች። ጎረቤታችን አያልነሽ «ይጋባል» ብላ ልጇን ቤተልን ከብሌን አጠገብ አስነሳቻት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። እኛም ምንይሉን ሳይቀልድ ሲውል ያየነው ያን ሰሞን ነው።

የደብረ ብርሃኗ ሐኪም የልጅቷ ጭንቅላት አዲስ አበባ በኤምአርአይ እንዲታይ አዘዘች።

«መሣሪያው እንደ ዋሻ ነው፤ ይጮኻል። ከተንቀሳቀሰች ምስሉ ይበላሻል። በማደንዘዣ ይሁን ካልን ደግሞ ወረፋው ሩቅ ነው» አለችው።

ብሌን ደግሞ የአባቷ ልጅ ናት። ሳትስቅና ሳትቁነጠነጥ ጸጉሯን እንኳ ተሠርታ አታውቅም።

ምንይሉ ባዶ ጎተራውን ግቢው ውስጥ አጋደመ፤ ዝተት አነጠፈና ልጁን አስተኛት። ከውጭ ሆኖ ቆርቆሮ ይደበድብ ጀመር። ድብደባውን ስትለምደው ቀልድ ጨመረበት፦ «አባ ወሰኔ በቅሎ ላይ ወደ ኋላ ዞረው የተቀመጡ ለት...» ከሳቀች፣ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሰፈሩ ታመሰ። ምንይሉ አብዶ፣ ልጁን ጎተራ ከቶ ሰይጣን እያስወጣ ነው ተባለ። የንስሐ አባቱ አባ ወሰኔ መስቀላቸውን ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?»

«አባቴ፣ እንኳን መጡልኝ። እኔ ሳወራ እርስዎ ይቺን ቆርቆሮ ይምቱልኝ።»

ነገሩን ሲያስረዳቸው መቱለት። የሚወራው ስለ እሳቸው መሆኑን የሰሙት ግን ቆይተው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ብሌን ንቅንቅ አላለችም። አጠገቧ የተቀመጠው ምንይሉ ነው እንባውን መያዝ ያቃተው። ውጤቱም መጣ፦ አንጎሏ ላይ ትንሽ የቆየ ጠባሳ አለ፤ የሚጥላት እሱ ነው፤ መድኃኒት አለው፤ ወደ ማንም አይተላለፍም።

የሚካኤል ማኅበር ተራው የምንይሉ ነበር። ጽዋው ሲዞር አያልነሽ ቤተልን ከብሌን ፈቀቅ ስታደርግ አየ። የኤምአርአዩን ፊልም አምጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋው።

«እዩት! አንጎል እንዳላት በፎቶ የተረጋገጠላት የኔ ልጅ ብቻ ናት። የናንተን ማን አየው?»

ቀድመው የሳቁት አባ ወሰኔ ናቸው። ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ ቤተል ከእናቷ እጅ ሹልክ ብላ ብሌን አጠገብ ተቀመጠች።

«ክፍል ውስጥ ቦታዬ ላይ ማን ተቀመጠ?»

«ማንም» አለቻት ብሌን።