ስለ አንገቷ የፈረምኩት

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እንዝርት ነው። አሥራ አንድ ሴቶች በታጨቁበት ክፍል፣ አንዲት ጠና ያለች ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ጥጥ ትፈትላለች። ከኩልፎ ወንዝ በኩል የሚመጣው ወበቅ ክፍሉን ሞልቶታል። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና እግሯን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"ምን አጠፋሽ፣ ልጄ?"

"ጻፍኩ።"

"ምን?"

"ማመልከቻ።"

ሳቀች። "እኔ እንኳ ምንም አልጻፍኩም። ወለድኩ።"

ወታደራዊው መንግሥት ከተለወጠ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። አርባ ምንጭ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ ይሁን ከተፈጥሮዬ እንጃ፣ በተጻፈ ነገር ላይ ድርቅ እላለሁ፤ ነጠላ ሰረዝ ስትጎድል እንኳ ይከነክነኛል። ከከተማው አጠገብ ያለው የላንቴ መንደር ገበሬዎች ስለ መሬታቸው አቤት ሲሉ ደብዳቤውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። የእጅ ጽሕፈቴ አስያዘኝ። ሴትየዋን ከደጋ ያመጧት ደግሞ የሚፈልጉት ልጇ ስለተሰወረ ነው። እሱ እስኪመጣ እሷ ትቆይ ተባለ። ሕግ የሚባለው ይህ ነበር።

በሳምንቱ ነጠላዋን ስታስተካክል አንገቷን አየሁት። ከጆሮዋ ሥር የባቄላ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት እብጠቶች ነበሩ።

"አያመኝም" አለች። "ብቻ ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል።"

የእስር ቤቱ ድሬሰር በር ላይ ቆሞ፣ አንገቷን ሳይነካ "ቲቢ ነው" አለና ክኒን አዘዘ። በእኛ አገር አንገት ሲያብጥ ብዙ ጊዜ እውነትም ቲቢ ነው። ብዙ ጊዜ ስለሆነም ሌላ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ የሚያይ የለም። እኔ ግን ጠየቅኋት። የመጨረሻ ልጇን ከወለደች ወዲህ የወፍ በሽታ እየተመላለሰ ይይዛታል፤ ዓይኗ ቢጫ ይሆናል፣ ይተዋታል፣ ደግሞ ይመለሳል። ባህላዊ ሐኪም ክንዷን የተኮሰበትን ጠባሳ አሳየችኝ።

"ይህን ለድሬሰሩ ነግረሽዋል?"

"አልጠየቀኝም።"

ክኒኑን በጀመረች በወሩ ዓይኗ እንደ እርድ ሆነ። እብጠቱም አልቀነሰም። በቃል ብቻ እንደማይሰሙኝ ስለገባኝ፣ ከፈተለችው ክር ቆርጬ በየእሑዱ አንገቷን መለካት ጀመርኩ፤ የደረሰበት ላይ እቋጥራለሁ። አራት እሑድ፣ አራት ቋጠሮ። እያንዳንዱ ከፊተኛው አለፍ ያለ ነው።

ክሩን ለድሬሰሩ አሳየሁት።

"ላይብረሪያኗ፣ ጋቢ ልትሠሪላት ነው እንዴ?"

"ክኒኑ አልረዳትም። ጉበቷ ድሮም ታማሚ ነው። ሆስፒታል ትታይ።"

"ዶክተር ሆነሽ ነው የታሰርሽው?"

ከኋላዬ አረቄ ስትሸጥ የተያዘችው ሴት "አንተስ ምን ሆነህ ነው የምታክመው?" አለችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በሩን ወርውሮት ሄደ።

በማግሥቱ መቶ አለቃው አስጠራኝ። በማሽን የተጻፈ አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። "ሕዝብ ለማነሳሳት አስቤ፣ በራሴ ፈቃድ የሐሰት ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ" ይላል።

"መኪናው ደጅ ቆሟል፣ አጃቢ አለ። ለጓደኛሽ የጎደላት ያንቺ ፊርማ ብቻ ነው።"

ሆስፒታሉ ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከእኔ በቀር የማንም ስም የለበትም። "ላስብበት" ብዬ ወደ ክፍሉ ተመለስኩና ነገርኳት።

"በኔ አንገት አትፈርሚ" አለች፣ እንዝርቷን ሳታቆም። "ከፈረምሽ ስንት ዓመት ነው?"

"አላውቅም።"

"ካልታከምኩስ እኔ ስንት ዓመት አለኝ?"

"እሱንም አላውቅም።"

"በይ እንግዲያ፣ ሁለታችንም አናውቅም። ተይው።"

አልተውኩትም። ተመልሼ እስክሪብቶ ተቀበልኩና፣ ከፊርማው ቦታ በላይ፣ ለፈተና እንደሚጻፍ አጥርቼ ጻፍኩ፦ "ይህን የፈረምኩት የታመመችው ሴት ሐኪም ዘንድ እንድትቀርብ ነው። በጻፍኩት ደብዳቤ ውስጥ ሐሰት የለም።" ከሥሩ ፈረምኩ።

መቶ አለቃው ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። "ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ፊርማዬ ረጅም ነው።"

ጸሐፊዋ ምሳ ወጥታ ነበር፤ ሌላ ወረቀት የሚመታለት አልነበረም። ተሳድቦ ፋይሉ ውስጥ ከተተው። መኪናው ተነሣ።

ማታ ስትመለስ ስለ በሽታዋ አላወራችም። "ዶክተሩ በእጁ ነካኝ" አለች። "ደግሞ ጠየቀኝ። ስለ ዓይኔ፣ ስለ ላቤ፣ ስለ ልጆቼ ሁሉ።" ክኒኑን በዚያው ዕለት አስቁሞ፣ ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ወስዶ አዲስ አበባ ላከ። ውጤቱ ሲመጣ የንፍፊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ጉበቷ ውስጥም ለዓመታት የኖረ ቫይረስ ነበረባት። ያን ጊዜ ለቀቋት፤ እስር ቤቱ ውስጥ እንድትሞትባቸው አልፈለጉም። ክረምቱ ሳይገባ ደጋ፣ ቤቷ ውስጥ አረፈች። እኔን ያ ወረቀት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አስቆየኝ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሐኪም ነገሩን አስረዳኝ። ጉበት ውስጥ የተቀመጠ ቫይረስ፣ በሽታ የሚከላከሉትን ሕዋሳት ዓመት ከዓመት ያለ ዕረፍት ያሠራቸዋል። አልፎ አልፎ ከመካከላቸው አንዱ ከሥርዓት ይወጣና ንፍፊት ውስጥ ይባዛል። ይህ ካንሰር የሚይዘው ቫይረሱ ያለበትን ሁሉ አይደለም፤ ጥቂቶችን ነው። እሷንም ያ ይሆናል የገደላት፤ ማረጋገጥ ግን አይቻልም። "ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ በዓለም ላይም ጥቂት ነበር" አለኝ፣ ሊያጽናናኝ።

አልተጽናናሁም። ድሬሰሩን ይህን አላወቀም ብዬ አልከስሰውም። አንገቷን ለመንካት ግን እጅ ይበቃ ነበር።

አሁን ጤና ጣቢያ ስሄድ ካርዱን የሚሞሉት ልጆች ይቸኩላሉ፤ ግማሹን ሳይጠይቁ "ጨርሰናል፣ እማማ" ይሉኛል። እኔ አልነሣም። ባዶ የቀሩትን መስመሮች በጣቴ አሳያለሁ፤ አንድ በአንድ እስኪጠይቁኝ እቀመጣለሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል።

ያጉረምርም።