ካሜራው የማያሳየው ወገን

ትምህርት ቤቱ ከጉንደ ወይን ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ከደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ሄጄ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ ጭቃውን እየመረጥኩ ስደርስ ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። ተማሪዎች ከግቢያቸው ሳይወጡ ከተማ ካለ ሐኪም ጋር በኮምፒውተር የሚገናኙበት ሕክምና ተጀምሯል፤ እኔ የተላክሁት በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ አይቼ እንድገመግም ነው። ስለ አገልግሎቱ የሰማሁት ሁሉ ምስጋና ነበር። ብዙ ዘመን በነርስነት ሠርቻለሁና አንድም ሰው የማያማው የሕክምና ክፍል አላውቅም። ገና ሳልደርስ ነው የጠረጠርኩት።

ክፍሉን ሳይ ጥርጣሬዬ ባሰ። የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው፤ የግድግዳው ቀለም ገና ይሸታል። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎችን እየጠራ አስገባልኝ። «ሕክምናው እንዴት ነው?» ስላቸው ሁሉም «በጣም ጥሩ ነው፣ ጊዜያችንን ቆጥቦልናል» ይላሉ። የአምስተኛ ክፍል ልጅ «ጊዜያችንን ቆጥቦልናል» አይልም። ደግሞ የገቡት ሁሉ ወንዶች ናቸው።

«ሴቶቹስ?» አልኩት።

«ሴቶቹ ያፍራሉ» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ ጤነኞች ናቸው።»

የክፍሉ ነርስ፣ ወጣት ሴት ናት፣ አቀርቅራ የጠረጴዛውን ጠርዝ ታሻሽ ጀመር።

በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ወጥቼ ቧንቧው ጋ የቆሙትን ልጃገረዶች አናገርኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ፊቷ የገረጣ፣ «እናቴ ከልክላኛለች» አለችኝ። ምክንያቱን ብጠይቃት ወደ ክፍሏ ሄደች። ከምሳ በኋላ ግን እናቷን ይዛ መጣች።

«ከማርቆስ የመጡት እርስዎ ነዎት?» አሉኝ እናትየው። «ልጄ ታማለች። የወር አበባዋ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ራሷን ስታ ትወድቃለች። ግን እዚያ ሳጥን ፊት አላስቀምጣትም።»

«ለምን?»

«ሐኪሙ ሲያናግራት ዓይኑን ወደ ጎን ይወረውራል አለችኝ። ፈገግም ይላል። ብቻውን ያለ ሰው ለማን ነው ፈገግ የሚለው?»

ሐኪሙ ሌላ ስክሪን እያነበበ ይሆናል አልኳቸው። በአፌ ነው እንጂ እኔም አላመንኩትም።

«እንግዲያው ክፍሉን ያሳየን» አሉ።

አራታችን ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥን፦ እናትና ልጅ፣ ነርሷና እኔ። ርዕሰ መምህሩ በሩን ተደግፎ ቆመ። ነርሷ ደወለች፤ ሐኪሙ ብቅ አለ፤ ትሑት፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ማንነቴን ነግሬው፣ «ዶክተር፣ ከመጀመራችን በፊት ካሜራውን አዙረው ክፍሉን ያሳዩን» አልኩት።

«ሳዞረው ኔትወርኩ እንዳይቋረጥብን» አለ።

«ኔትወርኩ ዛሬ ደህና ነው» አለች ነርሷ። ርዕሰ መምህሩን ሳታይ ስትናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

ካሜራው ዞረ። ከግድግዳው ሥር አግዳሚ ወንበር አለ። ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንደኛው ፊቱን ለመደበቅ ጎንበስ አለ።

«ተማሪዎቼ ናቸው» አለ ሐኪሙ። «ሥራ እየለመዱ ነው።»

«እነዚህ እንደሚሰሟቸው ልጆቹ ያውቃሉ?» አልኩት።

«አልነገርናቸውም» አለ። ድምፁ ቀነሰ። «መናገር ነበረብን።»

እናትየው አልጮኹም። ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አድርገው ልጃቸውን በክንዷ ያዟት። «ተነሽ፣ እንሂድ።»

ልጅቷ ግን አልተነሳችም። ስክሪኑን እያየች፣ «እነሱ ይውጡና እናገራለሁ» አለች።

ወጣቶቹ ተራ በተራ ወጡ። ሐኪሙ በሩ ሲዘጋ እንድታየው ካሜራውን ያዘላት። ልጅቷ ዘወር ብላ ርዕሰ መምህሩን አየችው፤ ወጣ። ከዚያ እኔን አየችኝ። ገምጋሚ መሆኔ ከእሷ ዘንድ ምንም አልነበረም፤ እኔም ወጣሁ። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ጤና ጣቢያ ተልካ ደሟ ተመረመረ፤ አንሶ ተገኘና መድኃኒት ጀመረች። ይህንንም ቢሆን እናትየው ናቸው በነርሷ ስልክ ደውለው የነገሩኝ።

የዚያኑ ቀን ሳይመሽ ልሄድ ስል ርዕሰ መምህሩ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። «ያቺን የወንበሯን ነገር ባይጽፏት ምን አለ?» አለኝ። «ይዘጉብናል። ከዚህ በፊት ልጅ ሲታመም አባቱ በቅሎ ለምኖ ነበር የሚወስደው። ልጆቹን የሚሉትን ያስጠናኋቸው ስለፈራሁ ነው።»

ፍርሃቱ የውሸት አልነበረም። ወንዶቹም ቢሆኑ በርግጥ ታክመውበታል፤ የጆሮ ሕመሙ የዳነለት ልጅ አይቻለሁ። ሁለቱንም ጻፍኩ፤ ጥቅሙንም፣ ከግድግዳው ሥር የተደበቁትንም።

አገልግሎቱ አልተዘጋም። አሁን ሐኪሙ ክፍሉን ዙሪያውን ሳያሳይ አይጀምርም አሉ። ሴቶቹም መግባት ጀምረዋል። ነርሷ በቅርቡ ደውላ፣ «እኚህ እናት አሁንም ልጃቸው በገባች ቁጥር አብረው ይገባሉ፤ በሩ ተዘግቷል ወይ፣ ቁልፉስ ማን ጋ ነው እያሉ ይጠይቃሉ። እንዲተዉት አንድ ቃል ቢሏቸው፣ እርስዎን ይሰማሉ» አለችኝ።

«አልልም» አልኳት። «ይጠይቁ።»