‹ብዪ› የማትባለዋ ልጅ

ሸማ ተራ ውስጥ ጋቢ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ጋሽ ቦጋለ ግን የታወቁት በጋቢያቸው ሳይሆን በጉርሻቸው ነው። ጎጃም ተወልደው መርካቶ ላይ የሸበቱት እኚህ ሰው፣ በአርባ ዓመት የንግድ ዘመናቸው አንድም ቀን ምሳቸውን ብቻቸውን በልተው አያውቁም። ገዢም ሁን ጎረቤት፣ ዋጋ ተከራካሪም ሁን መንገድ የጠፋህ እንግዳ፣ በምሳ ሰዓት በደጃፋቸው ካለፍክ አፍህን ሳትከፍት አታልፍም። «በሞቴ!» ይላሉ። እምቢ ካልክ «አፈር ስሆን!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት ሰውየውን ገድሎ መቅበር ስለሆነ ትጎርሳለህ። ከወረዳ ለቁጥጥር የመጣ አንድ ሰራተኛ ሦስት ጊዜ ጎርሶ የመጣበትን ጉዳይ ረስቶ ሄደ ይባላል። ውሸት ሊሆን ይችላል። ጉርሻቸውን ያየ ሰው ግን ያምናል፤ ያንን የሚያህል ነገር አፉ ውስጥ ይዞ ጥያቄ መጠየቅ የሚችል ፍጡር የለማ!

የሳቸውና የጠሂራ ሱቅ ግድግዳ ይጋራሉ። ጠሂራ የወሎ ልጅ ናት፤ ነጠላ ትሸጣለች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አዲስ አበባ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጇን ዱንያን ይዛት ሱቅ ትውላለች። ዱንያ የምግብ ቧንቧዋ መሐል ላይ ተቋርጦ ከጨጓራዋ ጋር ሳይገናኝ ነው የተወለደችው። ሐኪሞች ሆዷ ላይ ትንሽ ቱቦ ተከሉላት፤ ወተቱም አጥሚቱም በስሪንጅ በዚያች ይገባል። ሁለት ዓመት አልፏት ጠንከር ስትል ደግሞ ቀዶ ጥገና አድርገው ቧንቧዋን ገጠሙላት። ገጠሙላትና ምን ሆነ? ምንም! ልጅቷ አፍ ለመሳቅና ለማልቀስ የተሰራ እንጂ ምግብ የሚገባበት መሆኑን ማን ነግሯት? ተርባም አታውቅም። ሰዓቱ ሲደርስ ሆዷ ይሞላላታል፣ ተነስታ ትጫወታለች።

«መዋጥ ትችላለች፤ በመሣሪያ አይተነዋል» አለቻት ለጠሂራ፣ ሆስፒታል ውስጥ ዱንያን መብላት የምታስተምረው ባለሙያ፤ ሩታ ትባላለች። «አሁን የቀራት መፈለግ ብቻ ነው።»

ጋሽ ቦጋለ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። የሳቸውን ጉርሻ ያልፈለገ ሰው የት አለና! አንድ ሰኞ ጠሂራ ከገዢ ጋር ስትከራከር፣ ጠጋ አሉና ለዱንያ አጎረሷት። ሥጋ እንኳ አይደለም፤ የሙስሊም ልጅ መሆኗን መች አጡትና፣ ምስር ነው። ተጠንቅቀውም አነስ አድርገውታል። የጋሽ ቦጋለ አነስ ያለ ግን ለሌላው ሰው ምሳ ነው።

ልጅቷ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ትን አላት፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ጠሂራ ነጠላውን በትና ዘላ መጥታ፣ ልጇን ክንዷ ላይ በግንባሯ ደፍታ ጀርባዋን እየመታች «ያ አላህ! ያ አላህ!» ስትል ተራው በሙሉ ቆመ። ምስሩ ወጣ። ዱንያ ጮኸች። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ በልጅ ጩኸት እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ጠሂራ ልጇን አባብላ ወደ ጋሽ ቦጋለ ዞረች።

«ጋሼ፣ እንደ አባቴ ነው የማከብርዎ። ከዛሬ ጀምሮ ግን እጅዎን ከልጄ ያርቁልኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን አዩት። ያን ቀን ምሳ ዕቃቸው ተከፍቶ ሳይነካ ወደ ቤት ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ዱንያ የማንም እጅ ወደ ፊቷ ሲመጣ አፏን ግጥም አድርጋ ትጮሃለች። የእናቷንም ጭምር። ሩታ ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጠችም፤ ወረቀት ላይ ጽፋ ለጠሂራ ሰጠቻት፤ ጠሂራም ሱቋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እንዲህ ይላል፦ ዱንያን ‹ብዪ› አይባልም። አፏ ላይ ምንም አይደረግም። ስትበላ አይታይም፣ አይጨበጨብም። ምግብ አጠገቧ ይቀመጥ፤ ብትነካው፣ ብትደፋው፣ ፊቷን ብትቀባው ዝም ይባል። የቀኑ ስድስት ሰዓት ምግቧ በግማሽ ይቀነስ፤ ክብደቷን በየሳምንቱ እኛ እንመዝናለን። ቀጠሮዋ ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ በአፏ መብላት ከጀመረች ቱቦው ቀስ በቀስ ይቀራል፤ ካልጀመረች ደግሞ አንድ ዓመት ይቀጥላል።

ጠሂራ ያንን አንድ ዓመት መጠበቅ አትችልም። ለመስከረም መዋዕለ ሕፃናት ልታስገባት ዞራ፣ ሦስት ቦታ «ቱቦ ያላት ልጅ አንችልም» ብለው መልሰዋታል። ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ሸማ ተራ ውስጥ ያልተነገረ ነገር ቀድሞ ነው የሚሰማው።

ወረቀቱ ተራውን አመሰው። «ሰው እንዴት ‹ብላ› አይባልም? ምን ዓይነት ሀገር ላይ ነው ያለነው?» አሉ እትዬ ሠርኬ፣ ፊት ለፊት ጥበብ ቀሚስ የሚሸጡት። «ምግቧን ደግሞ በግማሽ! ልጅ ልታስርብ ነው እንዴ? ኧረ በመድኃኔዓለም!» በማግስቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ነገር ካልገባው ኮሚቴ ያቋቁማል። እትዬ ሠርኬ ሰብሳቢ ሆኑ፤ ይስሐቅ ልብስ ሰፊው ስልክ ስላለው ፀሐፊ ሆነ። እሱ «አንድ ቪዲዮ አይቻለሁ» ብሎ የጀመረው ንግግር ለምሳ ሲነሱም አላለቀም። ማር ቅቡላት ያለ አለ። ፀበልም፣ ቁርኣን የሚቀራበት ሩቅያም የመከረ አለ። ጋሽ ቦጋለ ከኮሚቴው ተገለሉ፤ በተራው ሐሳብ ያልሰጡት እሳቸው ብቻ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ወረቀቱን እናክብር ተባለ። አከበሩት! እንዴት አድርገው እንዳከበሩት ብታዩ! እትዬ ሠርኬ የተፈጨ ሙዝ ይዘው ይመጡና ዱንያ ፊት ቁጭ ብለው «እኔ ብዪ አልልሽም! አየሽ ዱንዬ፣ አልልሽም! ሞቼ ነው የምልሽ!» ይላሉ። ይስሐቅ ፊቱን አዙሮ በስልኩ መስታወት ያያታል። አንዷ ገዢ ነጠላ ልትለካ ገብታ «ይቺ ልጅ ለምን አትበላም?» ስትል፣ አስራ አንድ ሰው ባንድ ድምፅ «እሽሽሽ!» አለ። ዱንያ ደንግጣ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። ሙዙ ጠቆረ።

ጋሽ ቦጋለ ይህን ሁሉ ከግድግዳው ማዶ ይሰማሉ። እጃቸው ይበላቸዋል፤ ያቺ የጠቆረች ከንፈር ትዝ ስትላቸው ደግሞ ይበርዳቸዋል። አንድ ቀን ጠሂራ ለዱንያ በስሪንጅ ስትሰጥ ሳያስቡት ዓይናቸው አረፈባት። ልጅቷ ጣራ ጣራውን እያየች ሆዷ ሲሞላ ትጠብቃለች። እንደሚሞላ ዕቃ። ሽማግሌው ሆድ ባሳቸው፤ ጋቢ የሚያጥፉ መስለው ጀርባቸውን ሰጡ።

እንዲህ እያለ ጾም ገባ። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል አፉን ዘጋ። ሸማ ተራ ጭር አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? ገበያው አይደለም፤ ግብዣው። «በሞቴ» የሚል ጠፋ። እትዬ ሠርኬ ሙዛቸውን ተዉ፤ ረመዳን ሲይዝ ሰው ፊት ምግብ ይዞ መዞር ያስነውራላ። ኮሚቴውም ጉልበት አጥቶ ተበተነ። ወረቀቱ ሦስት ወር ለምኖ ያላገኘውን ጸጥታ ጾሙ ባንድ ሳምንት አመጣው።

ጋሽ ቦጋለ የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሲል ይርባቸዋል፤ ግን ጠሂራ ማዶ ሆና እስክታፈጥር ገና ብዙ ሰዓት ይቀራታል። ሰው እየጾመ ምሳ መክፈት? ይሉኝታቸው የት ሄዶ! እናም በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተደብቀው መብላት ጀመሩ። ከተከመረው ጋቢ ጀርባ ይገባሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ ሽሮ ፍትፍታቸውን እንደ ሌባ ይውጣሉ። ብቻቸውን የበሉት ምሳ አይወርድላቸውም፤ ግን ምን ያድርጉ?

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ከጋቢው ጀርባ ትንሽ ፊት ብቅ አለች።

ዱንያ ናት። የቀኑ ምግቧ በግማሽ ከተቀነሰ ወዲህ በዚህ ሰዓት ትነጫነጫለች፤ የምትነጫነጭበትን ነገር ስሙን አታውቀውም። ጋሽ ቦጋለ ደንግጠው የምሳ ዕቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑት።

«ምንድን ነው?» አለች።

«ምንም አይደል። ሂጂ፣ ተጫወቺ።»

ልጅቷ ገረማት። በተወለደች ሦስት ዓመቷ ከሷ ምግብ የደበቀ ሰው አይታ አታውቅም፤ ሁሉም የሚያሳድዳት ይዞ ነው። ቀረብ አለችና የጋቢውን ጫፍ ገለጠችው። ሽሮው ለስልሶ ተቀምጧል። ጋሽ ቦጋለ ቀኝ እጃቸው ብድግ ሲል አዩት። በጌታ ስም! ወዲያው እጃቸውን ቂጣቸው ስር አስገቡና ተቀመጡበት።

ዱንያ አንድ ጣቷን ሽሮው ውስጥ ነከረች። አየችው። በጉንጯ ላይ አሸችው። ጋሽ ቦጋለ ግድግዳውን ያያሉ፤ ላብ ያጠምቃቸዋል። ዳግመኛ ነከረችና ወደ አፏ ወሰደችው። ፊቷን ክፉኛ አጨማደደች። በቃ፣ ልትተፋው ነው አሉ በልባቸው። አልተፋችውም። ጉሮሮዋ ከፍ ዝቅ አለ።

ጠሂራ ልጇ ስትጠፋባት ፈልጋ መጥታ በጋቢው ክምር ላይ አጮለቀች። ያየችውን አላመነችም፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ከኋላዋ እትዬ ሠርኬ መጡ። እልልታው ጉሮሯቸው ድረስ ደርሶ ነበር፤ ጠሂራ በዓይኗ ብትገላምጣቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወሸቁት። ይስሐቅ ስልኩን አውጥቶ መልሶ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጨዋነት ተይዞበት አያውቅም።

ሦስተኛ ነከረች። አራተኛ። አምስተኛው ላይ ትንሽ እንጀራም አብሮ ተነሳ፤ አላመጠችው፣ ረጅም ጊዜ አላመጠችው፣ ዋጠችው። ትን አላላትም። ቀና ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው።

ጋሽ ቦጋለ ፍትፍቱ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ለስላሳ ቁራሽ አዩ። የስንቱን ሰው አፍ ያስከፈቱበት «በሞቴ» ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። አንድ ብቻ፣ የመጨረሻዋን፣ ምናለ? ከንፈራቸውን ነከሱ። ጠሂራ ዓይኗን ከሳቸው አልነቀለችም።

ዱንያ ጣቷን በጋቢያቸው ጠረገችና «በቃኝ» አለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷ ሲሞላ፣ በቃሽ ወይ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ስሪንጁ ሲያልቅ ያኔ ይበቃታል። ጠሂራ ያንን ቃል ከልጇ አፍ ስትሰማ እዚያው ጋቢው ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ።

ጋሽ ቦጋለም ዓይናቸው ሞላ። ቀኝ እጃቸው ላይ አሁንም እንደተቀመጡ ናቸው፤ ደንዝዟል።

«እሺ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «በቃሽ።»