አዳማ ላይ የተለቀሰላት እናቴ

ከአገራችን የወጣንበት ምሽት በረዶ ይጥል ነበር። እናቴ የታመመች እህቷን ልታስታምም ቀረች፤ ወደቡ ላይ ቆማ «በሚቀጥለው መርከብ እመጣለሁ» አለችኝ። አባቴ ዘወር ብሎ አላያትም።

አባቴ ቮልጋ ዳር ባለች ትንሽ የሩሲያ ከተማ የትያትር ደራሲ ነበር። ከከተማዋ ውጭ ማንም አያውቀውም፤ እዚያ ግን ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር ቆሞ ሰላም ይለዋል። በስታምቡልና በጅቡቲ አድርገን አዳማ ከባቡር ስንወርድ የተቀበለን አቧራ ብቻ ነው። የእኛ አገር በረዶ ከልብስ ላይ ይራገፋል፤ ይህ ግን ጥርስ ውስጥ ይገባል።

ቤት ያከራየችን ወይዘሮ በላይነሽ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ፈረንጁን ሁሉ «ሙሴ» ትላለች።

«ሙሴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«እጽፋለሁ።»

«ማመልከቻ?»

«የሰው ሕይወት።»

«እሱንማ እግዜር ጽፎት የለ!»

እኔ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ዓመቴ ነው። አባቴ አዲስ ትያትር ሲጽፍ ቃል በቃል አጣርቼ ወደ አማርኛ መለስኩለት። ትያትሩ መርከብ ስትጠብቅ ወደብ ላይ ስለምትሞት ሚስት ነበር። «እማማ ናት እንዴ?» ስለው «ድርሰት ነው» አለኝ።

ለማሳየት ፈቃድ ልንጠይቅ ስንሄድ ሹሙ «ሴትዮዋ የት ሞተች?» አሉ።

«ሩሲያ።»

«ታዲያ እዚህ ምን አላት?»

«ትያትር ነው ጌታዬ፣ የሞተ ሰው የለም።»

«ላልሞተች ሴት ልታስለቅሱን ነዋ! በሉ፣ አስለቅሱን።»

ትያትሩ በአንድ ግሪክ ነጋዴ መጋዘን ታየ። አባቴ ራሱ ባልየውን ሆኖ «ሚስቴ ሞተች!» ሲል ከኋላ አንዲት ሴት እሪ አለች። ሁሉም ተነሣ። መርዶ ሰምቶ ቁጭ የሚል ሰው አዳማ ውስጥ የለም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን መቱ። በማግስቱ ቤታችን በለቀስተኛ ሞላ፤ ንፍሮ መጣ።

በሩስኛ «አባባ፣ ንገራቸው እንጂ! እማማ አለች!» አልኩት። እሱ በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ እጅ ይነሣል። እኔው በአማርኛ «አልሞተችም!» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ጭናቸው ላይ አስተኝተውኝ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔም እናቴ የሞተች ጊዜ እንዲህ ነበር ያልኩት» አሉኝ።

አርባዋ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ በላይነሽ አባቴን «ና ብላ እንጂ፣ ምሳህ በረደ» ስትለው ሰማሁ። ሊጋቡ ሲሉ ቄሱ «የቀድሞዋ ሚስትህስ?» ብለው ጠየቁት።

«አባ፣ አገር አልቅሶላት የለም እንዴ?» አላቸው።

ዕድሜ ልኩን ከጻፈው ሁሉ ሰው ያመነለት ይህንኑ ብቻ ነው።

እማማ፣ ይህን በማታነቢው ቋንቋ እጽፍልሻለሁ። አንድ ቀን ከባቡር ብትወርጂ ማን ቤት ይዤሽ እገባለሁ? ቤቱ የወይዘሮ በላይነሽ ነው፤ ለጎረቤቱም ሙት ነሽ።

ቢሆንም ነይ።