በሰኔ የተዘራው ጎመን

ጠዋት ጠል የነካው አመድ ሲሸተኝ፣ በልጅነቴ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ የነበረን ጓሮ ይመጣብኛል። የእኛ ሚሊኒየም ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነበር ከእናቴ ጋር ካምፓላ የገባነው። በሚያዝያው ዝናብ አረሙ መሀል እንደ ቁንጫ የሚፈናጠሩ ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛዎች ነበሩ፤ በጣቴ እየነካሁ ሳዘልላቸው እውል ነበር እንጂ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራቸውም ነበር።

ሰኔ ሲገባ እናቴ በመሀረብ ቋጥራ ያመጣችውን የጎመን ዘር አንድም ሳታስቀር ዘራችው። ዘሩ ከአያቴ ጓሮ የተለቀመ ነበር፤ ጓሮው ከነቤቱ ተሸጦ ስለነበር ይህ ከጠፋ ሌላ አልነበረንም። እናቴ ክረምቱን ብትጠብቅም የካምፓላ ሰኔ በጋ ሆኖ አረሙ ደረቀ፣ ጥንዚዛዎቼም ተጠራርተው ጎመኑ ላይ ሰፈሩና ቅጠሉን ወንፊት አደረጉት።

ጎረቤታችን ማማ ናካቶ በአጥሩ በኩል አይታ ሳቋ አመለጣት።

«ማማ ሂሩት፣ በደረቅ ወር የዘራሽው ለእነዚህ ልትደግሺላቸው ነው?» አለቻት፤ እናቴን በእኔ ስም ነበር የምትጠራት።

«በእኛ አገር አሁን ክረምት ነው» አለች እናቴ፣ በተሰባበረ ስዋሂሊዋ እያፈረች።

«ታዲያ ደመናውንም ይዘሽው አትመጪም ነበር?»

ተሳስቀው ሲያበቁ ማማ ናካቶ ከከሰል ምድጃዋ የቀዘቀዘ አመድ ዝቃ አቀበለችንና፣ ጠሉ ሳይደርቅ ቅጠሉ ላይ እንዴት እንደሚነሰነስ አሳየችን። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እናቴ በጣሳ ውኃ ታጠጣ ነበር፣ እኔም አመዱን ነስንሼ፣ ቅንድቤ ሸብቶ ትምህርት ቤት ስደርስ ልጆቹ «አሮጊቷ መጣች» ይሉኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ ነሐሴ ሲያልቅ የተረፉት ሦስት እግር ጎመን ብቻ ነበሩ። እናቴ ከእነሱ አንዲት ቅጠል እንኳ አላስቀጠፈችም።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲመለስ ጥንዚዛዎቹ ተመናመኑ፤ ሦስቱ ጎመኖች አገግመው ቢጫ አበባ አበቡና አፈሩ። ፍሬው ሲደርቅ እናቴ ዘሩን አራግፋ፣ ከሁሉ በፊት ለማማ ናካቶ ቆንጥራ ሰጠቻትና «ከእንግዲህ የምንዘራበትን ቀን አንቺ ንገሪኝ» አለቻት።

ዛሬ እኔም የልጆች እናት ነኝ። ከዚያው ዘር የምዘራው ዝናቡ መሬቱን በደንብ ካራሰው በኋላ ነው፣ ያንንም ግማሹን ብቻ፤ የቀረውን በሁለት ጣሳ ከፍዬ አንዱን ጎረቤት ቤት አስቀምጣለሁ። እናቴ መጥታ ስታየኝ ትስቅብኛለች። እሷ ያላትን ሁሉ ዘርታ ትቀመጥ ነበር፤ እኔ ዘንቦም ጥንዚዛ እንዳይኖር ቅጠሉን እየገለበጥኩ አያለሁ። ልጆቼ ግን ጎመኑ ሁልጊዜም ጓሯችን ውስጥ የነበረ ይመስላቸዋል።