የፋሩቅ ደም

ነጅሙዲን የወሎ ልጅ ነው፤ በዐረብ አገር፣ በደማም የመጀመሪያ ኢንዱስትሪ ከተማ ከእኛ ጋር ብረት ይበይድ ነበር። የጉበት ቫይረስ እንዳለበት ስለሚያውቅ፣ አምና ለኢቃማው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ምርመራ ጓደኛው ፋሩቅ በእሱ ስም ገብቶ ደም ሰጠለት። ወረቀቱም ነጻ ነው አለ።

ዘንድሮ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ሐኪሙ የቫይረሱን ብዛትና የጉበቱን ጉዳት አየ፤ ከዚያ የአምናውን ወረቀት አገላበጠ።

"አዲስ ነው የያዘህ። የቆየ ቢሆን ዛሬውኑ መድኃኒት አስጀምርህ ነበር፤ አዲሱ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል፤ ሦስት ሳምንት እንጠብቅ" አለው።

በር ላይ ፋሩቅ ክንዱን ያዘው። "ተመለስና እውነቱን ንገረው፣ አንተ ግትር! መድኃኒት ይስጥህ።"

"ያኔ የማን ደም ነበር ቢለኝስ? ሁለታችንንም ኹሩጅ፣ የመውጫ ማኅተም፣ መትተው ሊያባርሩን?"

"ያባርሩን!"

"አራት ልጆች አሉህ። በቃ፣ ኸላስ።"

ወረቀት ሰውን እዚህ አገር ያቆየዋል፤ ጉበት ግን ወረቀት አያነብም። በሁለተኛው ሳምንት ቀበርነው።