ሰላምታ የእግዜር ነው

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ይባረክ። ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብመለስ ሆዴ አይችለውምና ትንሽ ታገሱኝ። ወሬ እንደማበዛ ታውቃላችሁ፤ ለማሳጠር እሞክራለሁ።

እዚሁ መካነ ሰላም፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ጌታን ስቀበል አባቴ በጣም አዘኑ። እሳቸው እሁድ ሳያስቀድሱ እህል የማይቀምሱ ሰው ናቸው። “እንግዲህ መንገድሽን መርጠሻል” አሉኝና ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጡም፤ እኔም ፊታቸውን ፈርቼ አገር ቤት መሄዱን ተውኩ። እናቴ ካረፈች የቀሩኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ዓመት በዓል ሲመጣ ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ “ጌታ ሆይ፣ የአባቴን አፍ ክፈትልኝ፤ አንድ ቃል እንኳ ያናግሩኝ” እያልኩ ስንቴ አለቀስኩ።

ታዲያ መጽናኛዬ ስልኬ ነበር። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ኤርፎኑን በሻሼ ስር እሰካለሁ፣ የምነቅለው ማታ ስዘጋ ነው። መዝሙር፣ ስብከት፣ ደግሞ መዝሙር። አንዳንዴም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ የማላውቀው ሰው የሰርግ ቪዲዮ። ደንበኛ እንኳ ትከሻዬን ካልነካኝ መምጣቱን አላውቅም።

በኋላ ጆሮዬን ያመኝ ጀመር። ሲብስብኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ አየችኝና፣ “ውስጡ ቆስሏል። መድኃኒት እሰጥሻለሁ፤ ይሄን ነገር ግን ለአንድ ሳምንት እንዳታስገቢ። ስልኩንም ቤት ትተሽው ውጪ። አጠገብሽ ካለ መሰካትሽ አይቀርም” አለችኝ።

“ኧረ ዶክተር፣ እኔ እኮ የምሰማው መዝሙር ነው” አልኳት።

“ቁስሉ መዝሙርና ዘፈን አይለይም” አለችኝ።

ወገኖቼ፣ የመጀመሪያው ቀን ጭንቅ ነበር። እጄ ሳላዘው ኪሴ ይገባል፣ ባዶውን ይወጣል። ቀኑ አልመሽ አለኝ። በነጋታው ግን የስፌት መኪናዬ ስትንጫጫ ሰማኋት፤ ለካ ዘይት ጠምቷታል። ጎረቤቴ ዘሀራ፣ በርበሬ የምትሸጠዋ፣ “አብሽሪ፣ ይሻልሻል” ስትለኝ “አሜን” አልኳት። “አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬስ መለስሽልኝ” ብላ ሳቀች። ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት።

የገበያ ቀን ደረሰ። መንገዱ በሰውና በአህያ ተጨናንቋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ የሚያስቸኩል ቀሚስ እዘመዝማለሁ። በመኪናዬ ድምፅ መሃል አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ፣ “እንዴት አደርሽ?” ሲሉ ሰማሁ። ቀና ሳልል፣ “እግዚአብሔር ይመስገን፤ እንዴት አደሩ?” አልኩ።

የበቅሎ ኮቴ ደጄ ላይ ቆመ። ቀና ስል አባቴ ናቸው። የበቅሏቸውን ልጓም ይዘው መንገዱ መሃል ቆመዋል፤ ከኋላ ያለው ሰው ዞር በሉልኝ ቢላቸውም አልሰሙትም።

“ትመልሻለሽ እንዴ?” አሉኝ።

“ምን ማለትዎ ነው አባዬ? ማን ከለከለኝ?”

“በየገበያው በዚህ ሳልፍ ሰላም እልሻለሁ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ዝም። እምነቷ ከልክሏት ይሆናል ብዬ አልፋለሁ።”

እኔ አፋቸውን ክፈትልኝ ብዬ ሳለቅስ፣ እሳቸው ደጄ ድረስ መጥተው ይናገሩኝ ነበር። “ታዲያ ዝም ስልዎ ለምን አልተዉኝም?” አልኳቸው።

“ሰላምታ የእግዜር ነው” አሉ። “የእኔ ቢሆንማ ድሮ በተውኩሽ።”

ክብር ለስሙ ይሁን። ሮጬ ወጥቼ ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። እያለቀስኩ የመድኃኒቱን ጥጥ ከጆሮዬ አውጥቼ አሳየኋቸው፣ የኤርፎኑን ነገር ነገርኳቸው። ቆይቶ ገባቸውና፣ “እና ይሄን ሁሉ ጊዜ የተኳረፍኩት ከሽቦ ጋር ነው?” ብለው ሳቁ። ዘሀራም በርበሬዋን ትታ መጣች። “እኔ እኮ አባትና ልጅ ተጣልተው ነው ብዬ አፌን ይዤ ነው የኖርኩት” አለች። አባቴ ገብተው ተቀመጡ። ጎኑ የተተረተረ ኮታቸውን አወለቁና “በይ ስፊ” አሉኝ። እንባዬ ዓይኔን ሸፍኖት ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ አለኝ።

ስለ እምነት ከሆነ አሁንም እንከራከራለን። እሳቸው ቅዳሴያቸውን አልተዉም፣ እኔም የያዘኝን ጌታ አልለቅም። ፋሲካን ግን እቤታቸው አብረን ፈሰክን። ጆሮዬም ድኗል፣ ጌታ ይባረክ። ስልኬ አለ፤ ገበያ ቀን ግን ቤት ይውላል። የስፌት መኪናዬንም ፊቷን ወደ መንገዱ አዙሬያታለሁ።

ከመካከላችሁ የሰው አፍ እንዲከፈትለት የሚጸልይ ካለ፣ በጌታ ይታመን። እስቲ ስልኩን ለጥቂት ቀን ያስቀምጠውና ያዳምጥ። እኔ የለመንኩት ነገር ጆሮዬን ይጠብቅ እንደነበረ፣ እሱ የለመነውም ጆሮውን እየጠበቀ ይሆናል።

በሉ አሁን ሁላችሁም አንድ ላይ “እንዴት አደርሽ?” በሉኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን!